ስደተኛው የማን እንግዳ ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ! በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው እግዚአብሔር የለም ከሚል ሰው ጋር አይደለም። ክርክሬ ከሚያምነው ጋር ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ወይም መስጊድ ሰግዶ ይወጣና ቀትር ሳይሆን «እነዚህ ስደተኞች አገሩን ሞሉት፤ የቤት ኪራይ ያስወደዱብን እነርሱ ናቸው» እያለ በየሻይ ቤቱ ከሚያወራው ጋር ነው። ይህን ሰው «ሃይማኖትህ ምን ያዝሃል?» ብለህ ብትጠይቀው ወንጌሉንም ቁርኣኑንም ትቶ ተረት ይጠቅስልሃል፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይልሃል።

ተረቱ ደግ ተረት ነው፤ ነገር ግን የሚጠቅሰው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። በእነዚህ ዓመታት በአገራችን ውስጥ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በሚሊዮን ተቈጥረዋል። ለእነርሱ ብርድ ልብስ ሲያዋጡ ያየኋቸው ሰዎች ለሱዳኑም ለየመኑም የሚያዋጡት እነዚያው ናቸው። ባለ ተረቱ ግን ለአንዱም ሲያዋጣ አላየሁትም። የሚያርበት ድስት ቢኖረው ኖሮ ክርክሬን በተውሁለት ነበር፤ እርሱ ግን እሳቱን እንኳ አላነደደም።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት ዘመነ ጽጌ ይባላል። በዚህ ወራት ካህናቱ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብጽ መውረዷን እያሰቡ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን በማኅሌት ያነጋሉ፤ ብዙ ሰውም በፈቃዱ ይጾማል። እኔ የሚሲዮን ልጅ ስለ ሆንሁ በማኅሌቱ አላደግሁም፤ ሆኖም በሰማሁት ቍጥር ልቤን ይነካኛል። እንግዲህ 40 ቀን ሙሉ ስደትን ያሰበ ሰው ኅዳር 6 ቀን ቍስቋምን አክብሮ ሲመለስ፥ ሕፃን ያዘለች ኤርትራዊት ወይም ሱዳናዊት «የሚከራይ ቤት አላችሁ?» ብላ ስትጠይቀው በሩን የሚዘጋባት ከሆነ፥ ያን ሁሉ ቀን ሲያስብ የቈየው ምንድር ነው? ደግሞስ ግብጽ በዚያን ጊዜ ጣዖት የሚመለክባት አገር ነበረች እኮ! ሕፃኑን ያስጠጋችው የሃይማኖት ወንድሞቹ አገር አልነበረችም።

የእኛንም አገር ታሪክ እናንሣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ በመካ መከራ የጸናባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት መጡ። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው የቍረይሽ ሹማምንት መልእክተኞችን እጅ መንሻ አስይዘው ላኩና ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ለመኑ። ንጉሡ ሁለቱን ወገን በፊቱ አቁሞ ሰማ። መልእክተኞቹ ነገሩ እንዳልሆነላቸው ባዩ ጊዜ «እነዚህ ሰዎች ስለ ክርስቶስ ያላቸው እምነት ከእምነትህ የተለየ ነው» ብለው ሊያጣሉት ሞከሩ። ንጉሡ ግን እጅ መንሻውን መለሰ፤ ስደተኞቹንም በሰላም አስቀመጠ። ኋላ ሰልሟል፥ አልሰለመም እያሉ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ ያ ክርክር ለእኔ ጉዳይ አያስፈልገኝም። በሩን በከፈተ ቀን ክርስቲያን ነበር።

ይህን ታሪክ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመካበታል። መመካቱ ግን ምንም አላዳነም፤ በነጋሽ ያለው በስሙ የሚጠራው መስጊድ በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ተመትቶ ተጐዳ። በዚያው ወራት ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ከትግራይ ሸሽተው ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ከተሰደዱት አብዛኞቹ ክርስቲያኖች፥ የተቀበሏቸው ግን ሙስሊሞች ነበሩ። ራሳቸው ችግረኞች የሆኑ የሐምዳይት ሰዎች እንጀራቸውን አካፈሏቸው። ከዚያ በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ በሱዳን ተነሣና ተራው የእነርሱ ሆነ፤ ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። ምን ገጠማቸው? በአውላላና በኩመር መጠለያዎች ዝርፊያው ሲበረታባቸው በ2024 ከመጠለያው ወጥተው በጫካ አጠገብ እስከ ማደር ደረሱ። «ያን ያደረጉት ወንበዴዎች ናቸው» ይባላል፤ እሺ፥ ናቸው። በየዐውደ ምሕረቱና በየጸሎት ቤቱ ግን ስለዚህ ስንት ስብከት ሰማችሁ? እኔ አንድም አልሰማሁም።

ሌላ ዓይነት አማኝ ደግሞ አለ። እርሱ ይሰጣል፤ ሲሰጥ ግን በአንድ እጁ ዳቦ በሌላው የሃይማኖት መጽሐፍ ያስጨብጣል። በልጅነቴ በተማርሁበት ሚሲዮን (ፊደል ያስቈጠረኝ ነውና ስሙን አልጠራም) የስንዴው ዱቄት የሚታደለው ከመዝሙሩ በኋላ ነበር፤ ሳይዘምር የሄደ አያገኝም። እኛም ልጆቹ ነገሩ ቶሎ ገባን፤ በረኀብ ወራት ድምፃችን ይጐላ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ያለውን የፍርድ ቀን እስቲ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። እንግዳውን የተቀበሉት ጻድቃን ማንን እንደ ተቀበሉ አያውቁም፤ ሲነገራቸው ይደነግጣሉ። ዋጋውን አስቀድሞ ያሰላ ሰው አይደነግጥም። ዳኛውም እንግዳው ምን እምነት እንደ ነበረው አንድ ቃል አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያስ ሃይማኖቱ ይቅር፤ ሕጉ ይበቃል» የሚል ወጣት ይኖራል። ሕጉን እኔም አከብረዋለሁ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በ1969 የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ አገራችንም በ2019 ባወጣችው አዋጅ ለስደተኛው የሥራና የትምህርት በር ከፍታለች። ግን ሕግ ራሱ የሚሸሽበት ቀን ይመጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ለ ሻምቦን በሚባል ተራራማ መንደር የነበሩ ፕሮቴስታንቶች፥ አያቶቻቸው ስለ እምነታቸው የተሳደዱባቸው ገበሬዎች፥ አይሁዶችን በየእርሻ ቤታቸው ሸሸጉ። በ1942 የመንግሥት ሰዎች መጥተው የተሸሸጉትን ስም ዝርዝር በጠየቁት ጊዜ ፓስተሩ አንድሬ ትሮክሜ እምቢ አለ፤ በሚከተለውም ዓመት ታሰረ። በዚያን ቀን ሕጉ የነበረው ከፖሊሶቹ ጋር ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ቤት የሚያከራየውን አማኝ ማንም የስም ዝርዝር አምጣ አላለውም። የተጠየቀው አንድ ክፍል ነው፤ ያውም በኪራይ።