ሳይቃጠል በቅጠል፦ የዋይፋያችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከበልትስቪል፣ ሜሪላንድ

ከአገር ቤት ደፍሮ የሚያነጋግረን ሰው አደራ የሚሰጠን ነፍሱን ነው። እኛ ግን ያ አደራ የሚያልፍበትን ዋይፋይ ከሱቅ እንደመጣ ሰክተን እንተወዋለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቁልፍ ልጻፍ፤ ለስደተኛ ቁልፍም ፖለቲካ ነውና።

ዌፕ የሚባለው የመጀመሪያው የዋይፋይ መቆለፊያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ሊቃውንት እንዴት እንደሚሰበር አሳዩ። ከአህያ ቆዳ የተሠራ ቤት ጅብ ሲጮህ ይፈርሳል እንዲሉ፣ ዛሬ ማንም ጎረምሳ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ይከፍተዋል።

እንግዲህ የራውተራችሁን ማስተካከያ ገጽ ክፈቱና አራት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከፋብሪካ የመጣውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ቀይሩ። ሁለተኛ፣ በ2018 የመጣውን ደብሊውፒኤ3፣ እሱ ከሌለ ደብሊውፒኤ2ን ከኤኢኤስ ጋር ምረጡ። ሦስተኛ፣ በ8 አኃዝ የሚያስገባውን ደብሊውፒኤስ የተባለ አቋራጭ ዝጉ፤ ድክመቱ በ2011 ተጋልጧል። አራተኛ፣ ለእንግዳ የተለየ መስመር ስጡ። የይለፍ ቃሉ የልጅ ስም አይሁን፤ በላቲን ፊደል የተጻፉ አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት ይበቃሉ።

ይሁንና ይህ ሁሉ የሚጠብቀው በኮምፒዩተራችንና በራውተሩ መካከል ያለውን አየር ብቻ ነው። በፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም የቀረበው የሜሪላንድ ነዋሪ ወገናችን የተጠቃው በአየር አልነበረም። ክሱ እንደሚለው፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም ከኢሜይል ጋር በተያያዘ ሰነድ ገብቶ የስካይፕ ንግግሩን ሳይቀር ቀዳ። ሲትዝን ላብ በ2014 እንዳጋለጠው የኢሳት ባልደረቦችም የታደኑት በተላከላቸው ፋይል ነው።

ኪዳኔ በዚያው በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በደሉ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም፤ ስለዚህ የውጭ መንግሥትን መዳኘት አንችልም ሲል በሩን ዘጋ። ማለትም ከባሕር ማዶ በኢሜይል ቤታችን የገባን ሰላይ መንግሥት እዚህ ከሶ ማስቀጣት ከባድ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዋይፋያችሁን ቆልፉ፤ የተላከላችሁንም ሰነድ ላኪውን ደውላችሁ ሳትጠይቁ አትክፈቱ። እኛ እንኳ እዚህ ከእስር ርቀናል። ስሙና ስልክ ቁጥሩ በእኛ ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠው የአገር ቤቱ ሰው ግን ማን አለው?

ቸር ይግጠመን።