ጤናችን፦ ወደ ቆላ ወይም ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ መንገደኛ



እኛ የየካና የእንጦጦ ሰዎች ደገኞች ነን። የእንጦጦ ተራራ ከፍታ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ብርዳም ቦታ ቢጫ ወባ አያሰጋም። ዳሩ ግን ከመካከላችን መንገደኛው ብዙ ነው። ከካራና ከኮተቤ ተነስቶ ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ አለ። እንጀራ ፍለጋ ባሕር የሚሻገርም አለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት እንነጋገር።

ቢጫ ወባ ምንድን ነው?

ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከተለመደው ወባ የተለየ በሽታ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተዋሲ ነው። ይህን ተዋሲ የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ትንኟ የምትናከሰው በቀን ነው። ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም።

በሽታው ሲይዝ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመምና ማስታወክ ያመጣል። ብዙዎች ይድናሉ። በጥቂቶች ላይ ግን ይብስና ጉበትን ይጎዳል። ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ደምም ይፈሳል። ተዋሲውን የሚገድል መድኃኒት የለም። መከላከያው ክትባት ነው።

በአገራችን ምን አደረሰ?

ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፣ ከባድ ወረርሽኝ ተነሳ። ወደ 30,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ትንኟ የምትራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ነበር። በሽታው ብዙ ዓመት ሳይሰማ ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በጉራጌ ዞን እንደገና ታየ። እንግዲህ የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም።

ክትባቱ እንዴት ይሠራል?

በክትባቱ ውስጥ ያለው ተዋሲ ሕያው ነው፤ ግን ተዳክሟል። ጥርሱ እንደ ወለቀ ውሻ ነው፤ ይጮኻል እንጂ አይነክስም። ሰውነታችን ከእሱ ጋር ታግሎ እውነተኛውን በሽታ መከላከል ይማራል። ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ቢያንስ 10 ቀን ሲቀር ተከተቡ። ለአብዛኛው ሰው አንድ መርፌ ዕድሜ ልክ ይበቃል።

የተከተበ ሰው ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል። አንዳንድ አገሮች ያለዚህ ካርድ አያስገቡም። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ቀድሞ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሳይከተቡ ካርድ የሚገዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ራሳቸውን ያታልላሉ። ትንኝ ካርድ አንብባ አትመለስም!

ለሁሉም ሰው ይሰጣል?

አይሰጥም። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። አቅሙ ለደከመ ሰውነት ያ ጥርሱ የወለቀ ውሻ እንኳ ሊያይልበት ይችላል። ስለዚህ ከመከተባችሁ በፊት ለጤና ባለሙያው እነዚህን ንገሩ፦

– እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ከሆነች፣
– ሕፃኑ 9 ወር ካልሞላው፣
– ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነ፣
– ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ካለ፣
– ካንሰር ካለበት ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣
– እንቁላል በልቶ ሰውነቱ ክፉኛ የሚያብጥበት ከሆነ።

አንዳንዱ ጭራሽ አይከተብም። ለአንዳንዱ ደግሞ ሐኪም የጉዞውን አደጋና የክትባቱን አደጋ መዝኖ ይወስናል። መከተብ ለማይችል ሰው ሐኪም ይህንኑ በጽሑፍ ይሰጠዋል።

«ብናገር ጉዞዬ ይቀርብኛል» ብሎ የሚደብቅ አለ። እርግዝናዋን የምትሸሽግ እህትም አለች። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ጉዞ ቢቀር ሌላ ጊዜ ይገኛል፤ ሕይወት ግን አንድ ናት።

ከመርፌው በኋላስ?

ከተከተባችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆዩ። በሚቀጥሉት ቀናት ቀላል ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሰውነት ቁርጥማት ቢመጣ አትደንግጡ፤ ያልፋል። ብርቱ ጉዳት እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሆኖም ፊት ካበጠ፣ መተንፈስ ከከበደ፣ ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አንብባችሁ ተወያዩ፦

1. ቢጫ ወባ ከተለመደው ወባ በምን ይለያል?
2. ከጉዞ ስንት ቀን ቀደም ብሎ መከተብ ያስፈልጋል?
3. በቤታችሁ ሳይናገር መከተብ የሌለበት ማን ነው?

ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። በሉ ለሳምንት ሰው ይበለን!