ዘንቢሉ ስንት ጊዜ ገበያ ወጣ?

ፌስታል ማምረትም፣ መሸጥም፣ መያዝም የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ሲጸድቅ፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ሦስት አዳዲስ የጥጥ ቦርሳዎች ገዛሁ። ለበዓል ፍኖተ ሰላም ስንሄድ አንዱን ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ።

እናቴ ቦርሳውን አገላብጣ አየችና መልሳ አጠፈችው። "ዘንቢሌ ምን ሆነና ልጄ?" አለችኝ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የሰሌን ዘንቢል እኔ ሳላገባ የተገዛ ነው፤ እጀታው ሁለት ጊዜ ታድሷል። ከሥሩ ያለችው ቢጫ ጀሪካንም የዘይት ነበረች። ዘይቱ ካለቀ ስንት ዓመቱ! እናቴ ግን ዛሬም ከግሽ ዓባይ ጠበል የምታመጣው በእሷ ነው።

የአሥር ዓመቷ ልጄ "ጀሪካኑም እኮ ፕላስቲክ ነው፤ ታዲያ ጥሩ ነው መጥፎ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ባለሙያዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። አንድ ዕቃ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ሲለኩ፣ ከጥሬ ዕቃው ተነሥተው በፋብሪካና በመጓጓዣ በኩል እስከሚጣልበት ድረስ ይከተሉታል። ከዚያ "ስንት ጊዜ አገለገለ?" ይላሉ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ የአየር ንብረትን በማሞቅ በኩል አንዴ ተይዞ ከሚጣል ፌስታል ጋር እኩል ለመሆን እንኳ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። ጥጥ ማሳና ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ መፍተሉና መሸመኑም ኃይል ይበላል። በሳምንት አንዴ ገበያ ለሚወጣ ሰው 131 ጊዜ ማለት ሁለት ዓመት ተኩል ነው። የእኔ ሦስት ቦርሳዎች ሰባት ዓመት ተኩል ሊፈልጉ ነው!

"እንግዲያው ፌስታል ይሻላላ?" አለች ልጄ።

እናቴ ባለፈው ክረምት ያጣቻትን ጊደር አነሣችባት። ሆዷ ተነፍቶ መብላት አቁማ ነበር፤ ሳትሞት ብለው ሲያርዷት ከጨጓራዋ የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። ያ ጥናት ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል የሚያደርሰውን ጉዳት አልቆጠረም። ከብት በየመንገዱ ዳር በሚግጥበት አገር ግን ይህ ያልገባበት ሒሳብ ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ ፌስታል ይቅር እላለሁ፤ በምትኩ ግን አዲስ ቦርሳ አናከማች። መጀመሪያ ቤታችሁ ያለውን ዘንቢል፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ አሮጌ ቦርሳ ፈልጉ። የተቀደደውን ጠግኑ። መግዛት ግድ ከሆነ አንድ ግዙና እስኪያልቅ ያዙት። ልጆቹንም አስቆጥሯቸው፤ ከምክር ይልቅ ቁጥር ይገባቸዋል።

ሁለቱን ቦርሳዎች ዘንቢል ለሌላቸው ጎረቤቶች ሰጠሁ። በቀረችው ላይ ልጄ ገበያ በወጣን ቁጥር በእስክሪብቶ አንድ መስመር ታሰምራለች። እስካሁን 11 ደርሰናል። 120 ይቀረናል።

ቸር ሰንብቱ።