የኢሜይል ማጣሪያ ለምን ይሳሳታል? አጠራጣሪ መልእክትን የመለየት ፈተናና የተቋማት ድርሻ

የመንግሥትና የግል ተቋማት የዕለት ተዕለት ሥራ ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ መልእክት እየተሸጋገረ በሄደ ቁጥር፣ የትኛው መልእክት ለባለቤቱ እንደሚደርስና የትኛው ወደ ጎን እንደሚገለል የሚወስነው ሰው መሆኑ እየቀረ መጥቷል። ይህን ውሳኔ በቅጽበት የሚሰጠው የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ማጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ቢሆንም የሚሳሳትባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ስሕተቱም ጨረታ እስከ ማስመለጥና ገንዘብ እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

ለአብነት በአዲስ አበባ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ የሚያቀርብ አንድ ነጋዴ ይታሰብ። በአንድ ማለዳ ሁለት መልእክቶች ይላኩለታል። የመጀመሪያው ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ እውነተኛ የዋጋ ማቅረቢያ ጥሪ ነው። ጥሪው ከነጻ የኢሜይል አድራሻ ለአርባ አቅራቢዎች በአንድ ጊዜ የተላከ ሲሆን፣ “አስቸኳይ” የሚል ርእስና አንድ አባሪ ይዟል። ሁለተኛው ዕቃ በሚያስረክበው አስመጪ ስም የተጻፈ ሐሰተኛ መልእክት ነው። “የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ስለተቀየረ የዚህን ወር ክፍያ ከታች በተመለከተው ቁጥር እንዲያስገቡ በትሕትና እንጠይቃለን” ከማለት በቀር የያዘው ነገር የለም። ማጣሪያው የመጀመሪያውን ወደ አይፈለጌ መልእክት ማኅደር ይጥለዋል፤ ሁለተኛውን ግን በገቢ መልእክት ሳጥን ውስጥ ከላይ ያስቀምጠዋል። ነጋዴው ጥሪውን ያየው ቀኑ ካለፈ በኋላ ይሆናል፤ ክፍያውንም ለአጭበርባሪ አስገብቷል። ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው።

ማጣሪያው የሚፈርድበት ማስረጃ

ያልተጠየቀ የጅምላ መልእክት ታሪክ ከኢንተርኔት በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያ ባልደረባ፣ አርፓኔት በተባለው መረብ ላይ ለነበሩ 400 ያህል ተጠቃሚዎች የምርት ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ይህ ድርጊት የአይፈለጌ መልእክት መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቃላትን በዕድል ስሌት እየመዘኑ የሚፈርዱ ማጣሪያዎች ተስፋፉ። የእነዚህ ማጣሪያዎች አሠራር ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ቀደም ሲል በመጥፎ መልእክቶች ውስጥ በብዛት ከታየ ነጥቡ ይከብዳል፣ በመልካሞቹ ውስጥ በብዛት ከታየ ይቀላል፤ የሁሉም ድምር መልእክቱን ይፈርድበታል።

የዛሬ ማጣሪያዎች ከቃላት ባሻገር ብዙ ነገር ይመለከታሉ። መልእክቱ ከየትኛው ሰርቨር እንደ ተነሣ፣ የላኪው አድራሻ ምን ያህል ዕድሜና ምን ዓይነት ስም እንዳለው፣ ምን ሊንክና አባሪ እንደ ያዘ፣ ቀደም ሲል የተቀበሉት ሰዎች ከፍተው እንዳነበቡት ወይም “አይፈለጌ” ብለው እንዳስወገዱት ይመዝናሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ማስረጃ የመልእክቱን መልክና የላኪውን ያለፈ ታሪክ እንጂ የላኪውን ሐሳብ አያሳይም። ማጣሪያው መልእክቱ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ለምን እንደ ተላከ ግን አያውቅም።

እውነተኛው ለምን ይጣላል?

በምሳሌው የተጠቀሰው የዋጋ ማቅረቢያ ጥሪ የተጣለው ይዘቱ ሐሰት ስለሆነ ሳይሆን መልኩ የሐሰተኛ ስለሆነ ነው። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መላኩ፣ “አስቸኳይ” ማለቱ፣ አባሪ መያዙና ከመሥሪያ ቤቱ ስም ጋር ከማይገናኝ ነጻ አድራሻ መነሣቱ እያንዳንዳቸው ጥቂት ነጥብ ይጨምራሉ። ነጥቦቹ ሲደመሩ ከተወሰነው ወሰን ያልፋሉ።

የላኪ ስም ጉዳይ በፒያሳ ላለ ሰው እንግዳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ በአካባቢው ለረጅም ዓመታት የነበሩ ሱቆች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ደንበኛው በሩን ዓይቶ ያምነው የነበረው ነጋዴ በአዲሱ ስፍራ እንደ እንግዳ መታየቱ አይቀርም፤ ሰውዬውና ዕቃው ያው ቢሆኑም አድራሻው ገና ስም አላወጣም። ማጣሪያም አዲስ ዶሜይንንና አዲስ ሰርቨርን የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። አጭበርባሪዎች አድራሻ እየከፈቱ ወዲያው ስለሚጥሉ፣ አዲስነት በራሱ የጥርጣሬ ምልክት ሆኗል። ብዙ ተጠቃሚዎች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሚጋሩበት ጊዜ ደግሞ የአንዱ ጥፋት ለሌላው ይተርፋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆኑ ሦስት የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓቶች ተዘርግተዋል። ኤስፒኤፍ የተባለው በዶሜይኑ ስም መልእክት እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር ያስታውቃል። ዲኪም የተባለው በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል። ዲማርክ የተባለው ደግሞ ሁለቱ ባልተሟሉ ጊዜ ተቀባዩ ምን ማድረግ እንዳለበት የዶሜይኑ ባለቤት የሚሰጠው መመሪያ ነው። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ብዛት ያለው መልእክት የሚልኩ አካላት እነዚህን ሦስቱንም እንዲያሟሉ ግዴታ አድርገዋል፤ ጉግል ለዚህ ያስቀመጠው መለኪያ በቀን 5,000 መልእክት ነው። እነዚህን ያላሟላ ተቋም ደብዳቤው ማኅተም እንደሌለው ሰነድ ይቆጠርበታል።

ሐሰተኛው ለምን ያልፋል?

የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች የሚገዙትን ወርቅ በመፈተሻ ድንጋይ ላይ ፍቀው ያዩታል። ድንጋዩ የሚናገረው ስለ ተፋቀው ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው ወርቅ ሠሪ ቅብ እንዳያታልለው ጠለቅ አድርጎ ይሞርደዋል። የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓቶችም እንዲሁ ናቸው። የሚያረጋግጡት መልእክቱ ከተጠቀሰው ዶሜይን በትክክል መነሣቱን እንጂ ከጀርባው ያለው ሰው ታማኝ መሆኑን አይደለም። አጭበርባሪ በአንድ ፊደል ብቻ ከአስመጪው የሚለይ ዶሜይን በራሱ ስም አስመዝግቦ ማረጋገጫዎቹን ሁሉ ማሟላት ይችላል። ከዚህ የከፋው የአስመጪውን ሠራተኛ የይለፍ ቃል ሰርቆ ከእውነተኛው ሳጥን ሲጽፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ አድራሻው፣ ሰርቨሩና ፊርማው ሁሉ እውነተኛ ናቸው። መልእክቱ አጭር፣ ጨዋና ሊንክ አልባ ከሆነ ማጣሪያው የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት ከኢሜይል ውጭም በአገር ላይ ደርሷል። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስም የተዘጋጁ ሐሰተኛ ሰነዶች ኒውዮርክ ለሚገኘው ሲቲባንክ ደረሱ። ሰነዶቹ የፈራሚዎችን ዝርዝርና ለማረጋገጫ የሚደወልባቸውን የስልክ ቁጥሮች የያዙ ነበሩ። ቀጥሎ በፋክስ የመጡ ሁለት ደርዘን ያህል የክፍያ ትእዛዞች ሲደርሱ፣ ፊርማዎቹ ከተላከው ዝርዝር ጋር ተመሳከሩ፤ በተሰጡት ቁጥሮችም ተደወለ። ሁሉም “ትክክል” ሆኖ በመገኘቱ ከብሔራዊ ባንኩ ሒሳብ 27 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ሆኖ በተለያዩ አገሮች ወደሚገኙ ሒሳቦች ተላለፈ። ማጭበርበሩ የታወቀው አንዳንድ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን በመመለሳቸውና ብሔራዊ ባንኩም ዝውውሮቹን እንደማያውቃቸው በማስታወቁ ነው። ሲቲባንክ ገንዘቡን ለብሔራዊ ባንኩ ሒሳብ ተክቷል፤ በየካቲት 2001 ዓ.ም. ደግሞ ጉዳዩ በኒውዮርክ ለፍርድ ቤት ቀርቧል።

ከዚህ ክስተት የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ማረጋገጫ ተደርጓል፤ ነገር ግን ማረጋገጫው የተደረገው ራሱ አጭበርባሪው ባቀረበው መረጃ ነው። መልእክትን በራሱ በመልእክቱ ውስጥ ባለ ስልክ፣ አድራሻ ወይም ሊንክ ማረጋገጥ ተከሳሽን ለራሱ ምስክር እንደ ማድረግ ይቆጠራል።

የአማርኛ ጽሑፍ የሚያስከትለው ተጨማሪ ፈተና

ዓለም አቀፍ ማጣሪያዎች ብዙ ትምህርት ያገኙት እንደ እንግሊዝኛ ባሉ ብዙ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች ነው። አማርኛ ደግሞ ለቃል ቆጠራ አስቸጋሪ የሆኑ ባሕርያት አሉት። “ሂሳብ” እና “ሒሳብ” ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እርስ በርስ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ የአንድ ቃል ማስረጃ በብዙ ቦታ ይበታተናል። በዚህ ላይ “የሒሳቡ”፣ “ለሒሳብዎ”፣ “ከሒሳባችን” እንደሚሉት ቃላት ቅጥያው ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ማጣሪያው ቃሉን ነጥሎ ካልተረዳ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። አማርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ወጥ ሥርዓት ስለሌለው ችግሩ ይብሳል።

የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቢካተትም፣ ከዚያ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተዘጋጀ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም አልባ የላቲን ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ቃላትን ሆነ ብሎ ማዛባት አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ማጣሪያን ለማምለጥ የሚጠቀሙበት ዘዴ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል። በተቃራኒው በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ማጭበርበሪያ ማጣሪያው በቂ ናሙና ስላላየ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለቱን ስሕተቶች በአንድ ጊዜ ማጥፋት አይቻልም

ማጣሪያውን ማጥበቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በቀን 1,000 መልእክት የሚደርሰው አንድ መሥሪያ ቤት ይታሰብ፤ ከእነዚህ 10ሩ ማጭበርበሪያ ይሁኑ። ማጣሪያው ከመጥፎዎቹ 90 በመቶውን የሚይዝ፣ ከመልካሞቹ 1 በመቶውን ብቻ በስሕተት የሚጥል ቢሆን 9 መጥፎዎችን ይይዛል፤ 10 ያህል መልካም መልእክቶችንም አብሮ ይጥላል። በአይፈለጌ ማኅደሩ ውስጥ ከሚገኙት 19 መልእክቶች ከግማሽ በላዩ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው። አንዱ ማጭበርበሪያ ደግሞ አልፎ ገብቷል። ወሰኑን ማጥበቅ ያለፈውን አንዱን ሊይዝ ይችላል፤ ዋጋው ግን ብዙ ንጹሓንን መጣል ነው። ማላላት ደግሞ ተቃራኒውን ያስከትላል። ስለዚህ ጥያቄው ማጣሪያው የሚተወውን ክፍተት ማን ይሞላዋል የሚለው ነው።

ከተቋማትና ከተጠቃሚዎች የሚጠበቀው

የሕግ ማዕቀፍን በተመለከተ፣ የኮምፒዩተር ወንጀልን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትንና በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል። ሕጉ ጥፋተኛውን የሚቀጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በመሆኑ ግን አስቀድሞ መጠንቀቅን አይተካም።

ተቋማት የሥራ መልእክቶቻቸውን ከነጻ አድራሻ ሳይሆን በዶት ኢቲ ከሚያበቃ የራሳቸው ዶሜይን መላክ፣ ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ማሟላት፣ ጽሑፋቸውን በዩኒኮድ ማዘጋጀትና የቃላት አጻጻፋቸውን ወጥ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የጨረታና የዋጋ ማቅረቢያ ጥሪን በኢሜይል ብቻ ከማስተላለፍ ይልቅ በማስታወቂያ ሰሌዳና በተቋሙ ድረ ገጽ ጭምር ማውጣት፣ በማጣሪያ ስሕተት ምክንያት አቅራቢዎች ዕድል እንዳያጡ ያደርጋል። አድራሻ የሚቀይር ተቋምም ለውጡን በነባሩ አድራሻ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት።

ተጠቃሚዎች በበኩላቸው የአይፈለጌ መልእክት ማኅደራቸውን በየቀኑ ማየትና በስሕተት የተጣለውን “አይፈለጌ አይደለም” ብለው መመለስ ይገባቸዋል፤ ማጣሪያው ከዚህ ውሳኔ ይማራል። የባንክ ሒሳብ ለውጥ፣ የይለፍ ቃል ወይም አስቸኳይ ክፍያ የሚጠይቅ መልእክት ሲደርስ ደግሞ ከመልእክቱ ውጭ፣ አስቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ወይም በአካል ሄዶ ሳያረጋግጡ ምንም እርምጃ አለመውሰድ ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍያ አድራሻ ለውጥ በሁለት ሠራተኞች እንዲጸድቅ ማድረግም አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲያይ ይረዳል። ጥቃት ሲደርስ ወይም ሲጠረጠር ለባንኩ፣ ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሳይዘገዩ ማሳወቅ ገንዘቡን ለማስመለስ ያለውን ዕድል ይጨምራል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ከመላ አገሪቱ የመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር። “አራዳ” የሚለው የሰፈር ስም ከጊዜ በኋላ በቀላሉ የማይታለል ሰው መጠሪያ ሆኗል። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው የአበው ብሂልም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ማጣሪያው የተጠቃሚውን ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን አራዳ አይደለም። ገንዘብን፣ የግል መረጃንና የሥራ ውሳኔን በሚመለከት የመጨረሻው ማረጋገጫ የሰው ኃላፊነት ሆኖ ይቀጥላል።