ከመፍቻው በፊት መለኪያው

በአገራችን ያገለገለ የጭነት መኪና መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ቤት ከመሥራት የማይተናነስ ውሳኔ ነው። የዕቁብ ዕጣ፣ የባንክ ብድር፣ የወንድምና የእኅት ቁጠባ በአንድነት ተሰብስቦ በአንድ ሊብሬ ላይ ያርፋል። መኪናው ከተገዛ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ውሃ ማፍላት፣ ጥቁር ጭስ መትፋት ወይም ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ከጋራዥ ግቢ ይቆማል፤ የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አንዱ መካኒክ «ፖምፓው ነው» ይላል፤ ፖምፓው ይፈታል። ሌላው «ቴስታታው ነው» ይላል፤ ቴስታታው ይወርዳል። ሦስተኛው ሞተሩ በሙሉ እንዲታደስ ይመክራል። እያንዳንዱ ምክር ገንዘብ ያስወጣል፤ እያንዳንዱ ፍቺም ቀድሞ የነበረውን ምልክት ያጠፋል። በመጨረሻ መኪናው ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው የሚያውቅ አይኖርም። ባይድን ደግሞ ጥፋቱ ከመጀመሪያው የነበረ ይሁን በፍቺው ጊዜ የተጨመረ መለየት ያስቸግራል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። አዲስ የተገዛ አሮጌ መኪና ሲበላሽ ቀድሞ መነሣት ያለበት መሣሪያ መፍቻ ሳይሆን መለኪያ ነው እንላለን። ይህንንም የምንለው ለመካኒኮችና ለባለንብረቶች ብቻ አይደለም። በክፍል ውስጥ ስለ ሙቀት፣ ስለ ግፊትና ስለ ኢነርጂ የሚማር ወጣት በሰፈሩ ካለው ጋራዥ ጋር ሳይተዋወቅ መመረቁ፣ ለእርሱም ለጋራዡም ኪሳራ ነው ብለን ስለምናምን ነው።

ታሪኩ የተደበቀ ማሽን

አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናውን ከነመመሪያ መጽሐፉ ይረከባል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ግን የማያውቀውን ታሪክ ይረከባል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ወፍራም ዘይት በመጨመር የሞተሩን ድምፅና ጭስ ለጥቂት ቀናት ማለዘብ ይቻላል። ገዥው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ዘዴ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ በመኪና ገበያ ግን በሽታውን የሚደብቀው አንዱ፣ መድኃኒት የሚያጣው ሌላው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ወጪ የለውም፤ ሞተሩን በማለዳ፣ ሳይሞቅ ማስነሣት ነው። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ አይደለም። ፒስተኑ አየሩን ወደ 17 ወይም 18 እጥፍ ሲያምቀው አየሩ ብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ የሚረጨው ናፍጣም በዚያ ሙቀት ይቀጣጠላል። ፋሻው ካለቀ ወይም ቫልቮላው በትክክል ካልገጠመ አየሩ ያፈተልካል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ባትሪውና ማሞቂያው ደህና ሆነው ሳለ ሞተሩ በብርድ አልነሣም ካለ፣ ሲነሣም ያልተቃጠለ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ካወጣ፣ የታመቀው አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ቀድሞ የሞቀ ሞተርን የፈተነ ገዥ ይህን ምልክት አያየውም። ጥርጣሬውን ወደ ቁጥር የሚለውጠው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። የሁሉም ሲሊንደር ግፊት ተመዝግቦ እርስ በርሱ ሲነጻጸር፣ የደከመው የትኛው እንደሆነ ቴስታታው ሳይወርድ ይታወቃል።

ውሃ የሚያፈላ ሞተር

በጋራዦች ዘወትር ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ የሞተር መፍላት ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላ አማካይነት የውስጡን ግፊት ከውጭው በ90 ኪሎ ፓስካል ያህል ከፍ እንዲል ሲያደርግ፣ የውሃው መፍሊያ በአዲስ አበባም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የክዳኑ ጎማ ከተበላ ወይም ሞላው ከላላ ግን ሌላው የሞተሩ ክፍል ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ክዳን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቴስታታ ማውረድ የቀናት። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሁለተኛው ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው። በመጀመሪያ ክዳኑና የቬንቲሌተሩ ቺንጋ ይታያሉ። ቀጥሎ የራዲያተሩ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ሙቀት ይለካል። ሞተሩ እየፈላ የታችኛው ቱቦ ከቀዘቀዘ ውሃው በሚገባ እየተዘዋወረ አይደለም፤ ቴርሞስታቱ፣ የውሃ ፖምፓው ወይም የተደፈነ ራዲያተር ይመረመራል። ሁለቱም ቱቦዎች እኩል ከጋሉ ራዲያተሩ ሙቀቱን ወደ አየር እያስወጣ አይደለም ማለት ነው። የጉድጓድ ውሃ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተር ውስጡ እንደ ማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። የዚህ ቅርፊት ዋና ክፍል የሆነው ካልሲየም ካርቦኔት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ቀዝቃዛው ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ከራዲያተሩ አረፋ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን መጠርጠር የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በሙቅ ሞተር ላይ ግን ክዳኑ ፈጽሞ አይከፈትም፤ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ውሃው በቅጽበት ገንፍሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

በአንዳንድ ጋራዦች ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ ይወሰዳል። ይህ ለጊዜው የሙቀት መለኪያውን መርፌ ዝቅ ያደርገው ይሆናል። ነገር ግን ሞተሩ ከሚገባው በታች እየቀዘቀዘ ሲሠራ ናፍጣ ያባክናል፤ ያልተቃጠለው ናፍጣም ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል። የዛሬውን መፍላት የደበቀ ሰው የነገውን የሞተር እድሳት አቀረበ እንጂ አላስቀረም።

ጥቁሩ ጭስ

በባሕር ጠለል አቅራቢያ ሲሠራ የኖረ መኪና ወደ ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ሊያስደንቀን አይገባም። በእያንዳንዱ የፒስተን ምት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በክብደት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለውና ፖምፓው ለቆላ አየር የተስተካከለ የቀድሞ ዘመን ሞተር ግን የሚረጨውን የናፍጣ መጠን በራሱ አይቀንስም። ናፍጣው ይበዛል፤ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ትርፉ ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ስለሆነም ጥቁር ጭስ ሲታይ በመጀመሪያ የሚመረመረው የአየሩ መንገድ ሊሆን ይገባል፤ ፊልትሮው፣ ቱቦዎቹና ቱርቦ ካለውም ቱርቦው። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሚቃጠለው ዘይት ነው። ይህንንም «ዘይት ይበላል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደተጨመረ መጻፍ፣ መጠኑ እየባሰ መሄድ አለመሄዱን በግልጽ ያሳያል።

የዓባይ ቁልቁለትና የጁል ሙከራ

እስካሁን ያነሣናቸው ጉዳዮች የሚያጎድሉት ኪስን ነው። የፍሬን ጉዳይ ግን ሕይወትን ይነካል።

እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ወደ ታች የሚወርዱ ክብደቶች በውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያዞሩ አድርጎ የውሃው ሙቀት ምን ያህል እንደሚጨምር ለካ። ያገኘው የሙቀት ለውጥ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ከባድ መኪና ይህንኑ ሙከራ በየቀኑ በግዙፍ መጠን ይደግመዋል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ገደማ ሲወርድ 137 ሚሊዮን ጁል ያህል ኢነርጂ ይለቀቃል። ይህ 450 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ በአዲስ አበባ እስከሚፈላበት ሙቀት ለማድረስ ይበቃል። የጎማውና የአየሩ ሰበቃ የተወሰነውን ይወስዳል። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ከቀሪው ብዙውን ይሸከማል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ካደረገ ግን ሸክሙ በሙሉ በፍሬን ሸራና በታምቡሩ ላይ ይወድቃል። የታምቡሮቹ ብረት በድምሩ 200 ኪሎ ግራም ቢሆንና ያ ሁሉ ኢነርጂ በውስጡ ቢቀር፣ ሙቀቱ 1,500 ዲግሪ ያህል በጨመረ ነበር። አየሩ እያቀዘቀዘው እዚያ ባይደርስም፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ሸራው የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ታምቡሩም ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል።

በዚህ ላይ ያገለገለ መኪና የሚያመጣው የተደበቀ አደጋ አለ፤ እርሱም የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ መፍሊያው ቢያንስ 205 ዲግሪ እንዲሆን ደረጃው ያዛል። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ተረግጦ እስከ ወለሉ ሲወርድ ፍሬኑ አይዝም። ሸራው አዲስ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው። ዕድሜው ያልታወቀ የፍሬን ዘይት መለኪያ ሳይጠበቅ መቀየር ካለባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ወጪው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮው የሚለየውን መሣሪያ አይለየውም» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ለልምድም ታላቅ አክብሮት አለን። የኩሽኔታን ጩኸት ከቺንጋ ጩኸት በሩቁ የሚለይ ጆሮ የብዙ ዓመታት ትምህርት ውጤት ነው። ነገር ግን ጆሮም መለኪያ ነው፤ እንደማንኛውም መለኪያ በሌላ መረጋገጥ አለበት። ጥሩ መካኒክ ግምቱን በቁጥር ሲያረጋግጥ ክብሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም ባለንብረቱ ለምን እንደሚከፍል ስለሚያውቅ መተማመን ይጨምራል።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። ለዘመናዊ በኮምፒውተር ለሚመሩ ሞተሮች የሚያስፈልገው መሣሪያ በእርግጥ ዋጋ አለው። ከላይ የዘረዘርናቸው ምርመራዎች የሚጠይቁት ግን ቴርሞሜትር፣ የግፊት መለኪያ፣ ሰዓትና ደብተር ነው። ከእነዚህ ውስጥ በአብዛኞቹ ጋራዦች የሚጎድለው ከሁሉ የረከሰው ደብተሩ ነው። በየቀኑ የተጨመረው ውሃ፣ ዘይትና ናፍጣ፣ የተቀየረው ዕቃና ቀኑ ቢጻፍ፣ ታሪኩ የጠፋ መኪና በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ታሪክ ያገኛል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር የሚለው የቤተ ሙከራ ሕግም ትርጉም የሚኖረው ደብተር ሲኖር ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ያገለገለ መኪና ሲሸጥና ሲገዛ ከሊብሬው ጋር የመለኪያ ወረቀት የማያያዝ ልማድ ይኑር። በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት፣ የሞቀ ሞተር የዘይት ግፊትና የእያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ኃይል በቁጥር ይስፈር። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ መኪናው በዚያን ቀን ማለፉን ይናገራል፤ ገዥ የሚያስፈልገው ግን ከማለፍና ከመውደቅ የዘለለ ዝርዝር ነው። ሁለተኛ፣ የሳይንስ ፋኩልቲዎችና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየቤተ ሙከራቸው አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ያቁሙ። የጋዝን ሕግ በሰሌዳ ላይ የተማረ ተማሪ በዚያው ሳምንት የሲሊንደርን ግፊት ቢለካ ሕጉን አይረሳውም። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች በእረፍት ጊዜያችሁ በአካባቢያችሁ ወዳለው ጋራዥ ሂዱ። ለማስተማር ሳይሆን ለመጠየቅ ሂዱ፤ ቴርሞሜትርና ደብተር ግን ይዛችሁ ሂዱ።

በየጋራዡ ቆመው የሚታዩት መኪናዎች የሰው ጥሪት ናቸው፤ በየቁልቁለቱ የሚወርዱትም ሰው አሳፍረው፣ እህል ጭነው ነው። በክፍል ውስጥ የምንጽፋቸው ቀመሮች ለእነዚህ መኪናዎች ባለቤት፣ አሽከርካሪና ረዳት የሚሆን መልስ በውስጣቸው ይዘዋል። ያንን መልስ ከሰሌዳው ወደ ጋራዡ የሚያደርሰው ግን መለካት የለመደ ወጣት ነው።