ጫማን ገልብጦ ማየት

ባለፈው ጥር አንድ ምሽት ከሚኒሶታ ተደወለልኝ። ደዋዩ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ቦንጋ ተወልዶ የቦንጋ ጭቃ ላይ እየወደቀ እየተነሳ ያደገ። ሰላምታችን ሳያልቅ «ጋሼ፣ በረዶ ላይ ቆሞ ዓሣ ለማጥመድ ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል?» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜ ሐይቅ ሊወስዱት ነው። ሐይቁ ረግቶ ሜዳ ሆኗል አሉ፤ ሰዎቹ በመሰርሰሪያ ይበሱትና ወንበር ዘርግተው፣ መንጠቋቸውን በቀዳዳው ለቀው ቁጭ ይላሉ። እኔ በረዶ የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ነው። «ታዲያ እኔን መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?» ብለው፣ «እንደ እርስዎ ደጋግሞ የወደቀ ሰው አላውቅማ!» ብሎ ሳቀብኝ።

አልተቀየምኩም። ከፋ ውስጥ መውደቅ ነውር አይደለም። መሬቱ ቀይ ሸክላ ነው፤ ዝናቡ አገር ምድሩ ደረቀ በተባለበት ወር እንኳ ጎራ ብሎ ሳይጠይቀን አያልፍም፤ ቦንጋ ደግሞ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ከታጠፉ ወይ ይወጣሉ ወይ ይወርዳሉ፤ ሦስተኛ ምርጫ የለም።

«ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለው ነገር ሲብስብን ነው። አባባሉን ያወጡት ሰዎች ግን መሬት የሚያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ ጭቃን ለሁለት ከፍለውታልና። ድጥ ከላይ ስስ፣ ከሥር ጠንካራ ነው። ዝናቡ የመሬቱን ቆዳ ብቻ አርሶት ሲያልፍ ድጥ ይሆናል፤ ያንሸራትታል እንጂ አይውጥም። ማጥ ጥልቅ ነው፤ እግር ይገባል፣ ሲወጣ ጫማው እዚያው ይቀራል። ለድጥ የሚያስፈልገው ስሱን ሽፋን በጥሶ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት የሚነክስ ጥርስ ነው። ለማጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ረጅም አንገትና ተረከዝን የሚጨብጥ ልክ ነው። አንዱን ገዝቶ ለሌላው የሚያደርግ ሰው ገንዘቡን ጭቃ ውስጥ ጣለው።

ለዚያ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው። የሐይቅ በረዶ ድጥ ነው፤ ድንጋይ የመሰለ ነገር ላይ ስስ ውሃ። ማጡ ከሥሩ ያለው ሐይቅ ነው። በዚያው በሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ አንድ እግረኛ ለመሸከም ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መወፈር አለበት ይላል። «መጀመሪያ ውፍረቱ ይለካ፤ ስለ ጫማው ከዚያ በኋላ እናወራለን» አልኩት። ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ቃል በቃል የሚደርስበት ቦታ እንዲህ ያለ ሐይቅ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ማንበብ ጀመርኩ። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የምርምር ማዕከል የክረምት ጫማዎችን የሚፈትንበት ዘዴ አለው። ወለሉ እውነተኛ በረዶ ነው። ሰዉ ቢወድቅ እንዳይጎዳ በማሰሪያ ይታሰርና በላዩ እንዲራመድ ይደረጋል፤ ወለሉ ቀስ በቀስ እያዘነበለ ይሄዳል። ጫማው ሳይንሸራተት የቻለው ማዘንበል ውጤቱ ነው። ማለፊያው 7 ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያውን ውጤት ይፋ ሲያደርጉ ከፈተኗቸው 98 ቦቶች መካከል ያለፉት አሥር አልሞሉም። ልብ በሉ፣ ሁሉም ለክረምት ተብለው የተሸጡ ናቸው። 7 ዲግሪ ደግሞ እኛ ጋ «ደልዳላ ቦታ» ተብሎ ቤት የሚሠራበት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሰው ሳይ ከፊቱ በፊት እግሩን ማየት ለመደብኝ። አንድ ጠዋት፣ ዝናብ ባደረ መሬት ላይ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚወርዱ ልጆችን ቆሜ አየሁ። አብዛኞቹ ጫማ አላቸው። ጫማው ግን እጃቸው ላይ ነው። ቁልቁለቱን በባዶ እግራቸው፣ ጣታቸውን መሬት ውስጥ እየተከሉ ወረዱት፤ ታች ካለችው ውሃ እግራቸውን ታጠቡና ጫማቸውን አድርገው ንጹሕ ሆነው ገቡ። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ያኔ የምናደርገው ጫማው እንዳይቆሽሽ ይመስለኝ ነበር። አንዷን ልጅ ብጠይቃት «ያዳልጣል እኮ!» አለችኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያየችኝ። እጇ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነበር። ደረቅ ፕላስቲክ፣ ሶሉ እንደ ሳሙና።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ የመውደቅና ያለመውደቅ ብቻ አይደለምና። ጫማው ከእግር ላይ የሚወልቀው ልክ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ከትንኝም ከትልም የሚመጣ አይደለም፤ ከአፈር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጉት ጥናት በሽታውን ከቀይ ሸክላ አፈር ጋር አያይዘው አሳዩ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስምም ሰጡት። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ፤ እነዚህ በተገናኙበት ቦታ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ በዘሩ ተጋላጭነት ካለው፣ ደቃቁ አፈር በቆዳው ሰርጎ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ይጎዳበታል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተደረገ ቅኝት ተነስተው ተመራማሪዎች የታማሚዎቹን ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ገምተውታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ቢሆንም ስንቱ በዚህ የተነሳ ከሠርግና ከለቅሶ ቤት ቀርቷል! መከላከያው ደግሞ ከማንም አቅም በላይ የሆነ መድኃኒት አይደለም፤ እግርን መታጠብና የተዘጋ ጫማ ማድረግ ነው።

እንግዲህ የተዘጋ ጫማ ለልጆች ሲታደል ደስ ይለናል፤ ፎቶ እንነሳለን። ሶሉን ገልብጦ ያየ አለ? የሚያንሸራትት ጫማ በእጅ ይያዛል፤ በእጅ የተያዘ ጫማ ከቀይ አፈር አያድንም፣ ከሙጃሌም አያድንም። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ የጫማ ጥርስ የጤና ጉዳይ ነው። ለከፋ ልጆች ጫማ የሚገዛ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ አንዱን ጥንድ እርጥብ ሸክላ ቁልቁለት ላይ ራሱ አድርጎ ይውረድበት። ቶሮንቶ መሄድ አያስፈልግም፤ ቤተ ሙከራው ከደጃችን ነው፣ ያውም ክፍያ የለውም።

በረባሶ በዚህ በኩል ሳይመሰገን ቀርቷል። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ስለሆነ የጎማው ጥርስ አብሮት ይመጣል፤ ጎማውን የሠሩት ሰዎች ደግሞ እርጥብ መንገድን አስበው ነው የሠሩት። በረባሶ ወደ ዘመናዊ ጫማነት ተለውጦ ሶልሬብልስ በሚል ስም ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ እስከ መሸጥ ደርሷል። የበረባሶ ጉድለት ከላይ ነው፤ እግሩ እንዳለ ተራቁቶ ይቀራል። የቆዳ ጫማችን በተቃራኒው ከላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከታች ራቁቱን ነው። ቦቲ ከሁለቱም ይሻላል። ጫካ ውስጥ ቡና ለቀማ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ዛፉ ጥላውን ጥሎበት ሳይደርቅ የከረመ ቅጠል፣ ከሥሩ ሸክላ፣ ከሸክላው ያፈነገጠ ሥር። ግን ቦቲም ቦቲ ነው ተብሎ አይታለፍም። ጥርሱ የተጠጋጋ ከሆነ አምስት እርምጃ ሳይሄድ ጭቃው ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ጫማው ራሱ ጭቃ ነው። ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ብሎ የተራራቀ ከሆነ ግን በየእርምጃው ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል።

ይህ የጥርስ ነገር ታሪኩ አሳዛኝ ነው። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ እ.ኤ.አ. በ1935 አልፕስ ላይ ስድስት ጓደኞቹን አጣ። የዚያን ጊዜ ልማድ እስከ ገደሉ ሥር በሚስማር ቦት መሄድ፣ ገደሉን ሲጀምሩ ደግሞ ቀላል ጫማ መቀየር ነበር፤ ሰዎቹ ከላይ ውሽንፍር ያዛቸው፣ ጫማው ከብርድም ከመንሸራተትም የሚያድን አልነበረም። ብራማኒ ከሁለት ዓመት በኋላ የጎማ ፋብሪካው ፒሬሊ አግዞት ባለጥርስ የጎማ ሶል አወጣ፤ ስሙንም በጣሊያንኛ ታንክ ብሎ ጠራው። ዛሬ ገበያችን ላይ የምናያቸው ባለጥርስ ሶሎች ብዙዎቹ የእሱ ልጆች ናቸው፤ እንጀራ ልጆችም አይጠፉም።

የአክስቴ ልጅ በሳምንቱ ደወለ። አልወደቀም። ከጫማው ላይ የሚጠለቅ፣ የብረት ጥርስ ያለው ጎማ ገዝቷል። ቦቱን ደግሞ ወፍራም ካልሲ አስገብቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ሰፋ ያለ መርጧል፤ በረዶ ላይ ለሰዓታት የሚቆም ሰው ጫማው ከጠበበው ደሙ አይዘዋወርምና ጣቱ ይደነዝዛል። ዓሣ ግን አልያዘም። «ብረቱን ሳላወልቅ ሱቅ ገብቼ ወለሉን ልገነጥልላቸው ነበር፤ ባለቤቱ ጮኸብኝ» አለኝ።

እኔም ክረምቱ ሳይጠና ለራሴ ልግዛ ብዬ ወደ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጫማ አቀበለኝ። ገለበጥኩት፤ ልሙጥ። ሌላ ሰጠኝ፤ ገለበጥኩት። አራተኛው ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባቴ፣ የሚገዙት ፊቱን ነው ወይስ ቂጡን?»

«ቂጡን» አልኩት።

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ አንድ ጥንድ አወጣ። ቡናማ፣ ከባድ፣ ጥርሱ የአውራ ጣቴን ያህል። «ይኼ ለገበሬ የመጣ ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም» ብሎ ሊመልሰው ሲል ተቀበልኩት። ከጥቁሩ ዋጋ በግማሽ ያህል ነው የወሰድኩት፤ ይቅርታ የጠየቀኝም እሱ ነው።

ያን ዕለት ማታ ዘነበ። በማግስቱ የሰፈራችንን ቁልቁለት ወርጄ ወጣሁት፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ እግሬ ተመለከተች። በየጥርሱ መሃል ተጠቅጥቆ የመጣው ቀይ ጭቃ ለአንድ ጎመን መደብ ይበቃል። «በዚህማ አትገባም!» አለች። ጫማዬን ደጃፍ ላይ አውልቄ በካልሲ ገባሁ፤ ወለሉን ገና መወልወሏ ነበርና ደፉ ላይ አዳለጠኝ።