የአክሱም ሐውልት የማን ሥራ፣ የማንስ ቅርስ ነው?

ታላላቅ ሐውልቶች በተወሱ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው የንጉሥ ስም ነው። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የጎተተውና የጠረበው ጭቁን ሕዝብ ግን ይረሳል። ይህ የገዥ መደቦች የታሪክ አጻጻፍ እንጂ የሠሪው ሕዝብ ታሪክ አይደለም። የአክሱምን ሐውልት ትርጉም ለመረዳት በቅድሚያ ከዚህ አመለካከት መላቀቅ ያሻል።

በ4ኛው መቶ ዓመት እንደተሠራ የሚታመነውና በኋላ ወደ ሮማ የተጋዘው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱም 160 ቶን ገደማ ነው። ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ የመቃብር ምልክት ሲሆን፣ ለገዥዎች ክብር መታነጹ አይካድም። ይሁን እንጂ በላዩ የተቀረጹት በር፣ መስኮቶችና የአግዳሚ እንጨት ጫፎች በድንጋይና በእንጨት ቤት ያንጹ የነበሩት ግንበኞችና አናጢዎች እውቀት ናቸው። በሐውልቱ ላይ የንጉሥ ስም አልተጻፈም፤ የሠራተኛው ጥበብ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ፋሽስት ኢጣልያ በ1929 ዓ.ም ዓይኑን የጣለው በዚህ የላብ ውጤት ላይ ነበር። ቀደም ብሎ ወድቆ የተሰባበረውን ሐውልት በምፅዋ ወደብ አሻግሮ፣ በጥቅምት 1930 ዓ.ም የወረራው ምርኮ አድርጎ በሮማ አደባባይ አቆመው። የወራሪው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ታሪኩን የተነጠቀ ሕዝብ ነፃነቱንም ይረሳል ብሎ ገምቶ ነበር።

ግምቱ ከሸፈ። ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወራት ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገባች። ሆኖም ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም፣ ከ58 ዓመታት በኋላ ነው። በ2000 ዓ.ም ዳግም ቆመ። ትምህርቱም ይህ ነው፤ የዘራፊ ፊርማ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ ፊርማውን ሥራ ላይ የሚያውለው ያላሰለሰ የሕዝብ ጥያቄ ነው።

ትግሉ ገና አላበቃም። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ የዘረፋቸው ታቦታት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ተቆልፎባቸዋል። ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሁሉ በየአካባቢያችን ያለውን ቅርስ ከስርቆትና ከጥፋት መጠበቅ፣ የተዘረፈውንም ሳንታክት መጠየቅ ይገባናል። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ላብ ያቆመውን ሐውልት የመጠበቅ ኃላፊነት የወራሾቹ የእኛ ነው።